የጨውና የብር ወገን

ነገርን በስሙ ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ በወገኑና በተራው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሕፃን ከየኔታ ዘንድ ገብቶ ፊደል ሲቆጥር አስቀድሞ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ባዕድ ለብቻው ይይዛል፤ ውሎ አድሮ ግን ካዕቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ፥ ሣልሱም ሁሉ በአንድ ድምፅ እንደሚወርድ ያስተውላል። ከዚያ ወዲህ ከገበታው ላይ አንዲት ፊደል ተፍቃ ቢያገኛት፥ በላይዋና በታችዋ በግራዋና በቀኝዋ ያሉትን አይቶ፥ የጠፋችው ማን እንደ ነበረች ሳይጠይቅ ይናገራል። ይህም ማለት ቍጥሩን አልፎ ሥርዐቱን ያዘ ማለት ነው።

የሚታየው ዓለም የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮችም እንዲህ ያለ ገበታ አላቸው። ንጥረ ነገር የምንለው እንደ ወርቅ፥ እንደ ብር፥ እንደ ብረት፥ እንደ ድኝ ያለውን፥ በእሳት ቢያነጥሩት ወይም በመድኃኒት ቢያሟሙት ወደ ሌላ ወደሚያንስ ነገር የማይከፈለውን ነው። እስከ ዛሬ የታወቁት 118 ናቸው፤ ገበታቸውም 7 ረድፍና 18 ዐምድ አለው። በአንድ ዐምድ የቆሙት እንደ አንድ ቤት ልጆች በጠባይ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ገበታ ታሪክ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ለማለት ወደድሁ፤ ነገር ግን ነገሩ የባሕር ማዶ ሰዎች ብቻ እንዳይመስል ከራሳችን ገበያ እጀምራለሁ።

መርካቶ የተባለው ታላቅ ገበያ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች አዲስ አበባን ይዘው በነበሩበት ጊዜ፥ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥተው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ክፍል በወሰዱት ጊዜ የተመሠረተ ነው። ስሙም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ስሙን እነርሱ ይስጡት እንጂ ሥርዐቱን የሰጠው የአገራችን ነጋዴ ነው፤ ሁሉን በተራ በተራው አቆመው። ሸማ ተራ አለ፥ በርበሬ ተራ አለ፥ ቡና ተራ አለ፥ ጎማ ተራ አለ፤ ያረጀ ብረትና ቆርቆሮ እንደ ገና ምድጃና መጥበሻ ሆኖ የሚወለድበት ምናለሽ ተራም አለ። ከገጠር የመጣ እንግዳ ሰው አንዱን ሱቅ ባየ ጊዜ በአጠገቡ ያለው ምን እንደሚሸጥ ይገምታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ አይስትም። ተራ ማለት እንዲህ ነው፤ ያየኸውን አስረድቶህ ያላየኸውን ያስጠብቅሃል።

እኔም በዚህ ገበያ ስመላለስ አንድ ነገር ያሳስበኝ ነበር። በአንድ በኩል ጨው በጆንያ ተቆልሎ ይሸጣል፤ በሌላው በኩል ደግሞ የአንገት ማተብና መስቀል፥ አንዳንድ ጊዜም ያረጀ ጠገራ ብር በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ዛሬ ሁለቱ የማይገናኙ ዕቃዎች ናቸው፤ በቀድሞው ዘመን ግን ሁለቱም ገንዘብ ነበሩ። ታዲያ አንዱ ወደ ወጥ ቤት የወረደው ሌላው በመስታወት ውስጥ የቀረው ስለ ምን ነው? ከንጉሥ አዋጅና ከነጋዴ ልማድ ሌላ፥ ከራሳቸው ከንጥረ ነገሮቹ ጠባይ የመጣ ምክንያት ይኖር ይሆን?

አስቀድመን የጨውን ነገር እንናገር። በአፋር ቈላ፥ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ፥ ጨው እንደ ድንጋይ ተፈልጦና ተጠርቦ አሞሌ ይባል ነበር። ግመልና አህያ ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ቤጌምድር፥ ወደ ጎጃም፥ ወደ ሸዋ ይወርዳል። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፥ የአክሱም ሰዎች በሬና ጨው ብረትም ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ተናግሯል። ከ1520 ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት ዓመት በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሄድ፥ ከተቈፈረበትም ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር አይቶ ጽፏል። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም አሞሌ በብዙ አውራጃ ገንዘብነቱን አልተወም።

የወርቅ የብርና የመዳብ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፥ ማለት ከ3ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ፥ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት በስማቸው ገንዘብ አስመቱ። ንጉሥ ዒዛናም ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የክበብ ምልክት አንሥቶ መስቀልን አኖረበት። ገንዘቡም በሦስት ዓይነት ይመታ ነበር፤ በወርቅ፥ በብር፥ በመዳብ። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ በአንዳንዱ የብርና የመዳብ ገንዘብ ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ጥቂት ወርቅ ይለበጥበት ነበር፤ ይህም በሌላው ዓለም ገንዘብ ላይ እምብዛም የማይገኝ ጥበብ ነው።

የአክሱም መንግሥት ካለፈ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት በገዛ ስማችን የተመታ ገንዘብ አልነበረም። ኋላ ግን የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፥ እኛ ጠገራ ብር የምንለው፥ በቀይ ባሕር በኩል ገብቶ አገሩን ሞላው። በላዩ የተጻፈው ዓመት 1780 ሲሆን፥ ይህ ንግሥቲቱ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዘመን ዓመቱ ሳይለወጥ ተመታ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በስማቸው ያስመቱት ብርም በክብደቱ ይህንኑ የተከተለ ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ በቶሎ አልተወም። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ አዋጅ የወረቀት ብር በጸና ጊዜም 50 ሳንቲሙ ከብር፥ ከርሱ በታች ያለው ሳንቲም ሁሉ ከመዳብ ይመታ ነበር። ስሙኒው በመጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ፥ መጠኑ ከ50 ሳንቲሙ ጋር ስለ ተቀራረበ እንዲሰበሰብ ሆነ፤ ቀጥሎም ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተከፋፈለው ስሙኒ ተተካ። መዳብ በክፉ ሰው እጅ ብር ለመምሰል ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። አክሱምም፥ ሮምም፥ ህንድም፥ ሌሎችም ብዙ መንግሥታት ገንዘብ ለመምታት በተነሡ ጊዜ፥ እጃቸው በነዚህ በሦስቱ ላይ ዐረፈ። ብረት ከሦስቱ ሁሉ ይልቅ በምድር ላይ የበዛ ሆኖ ሳለ በገንዘብነት ከነርሱ ጋር ሊስተካከል አልቻለም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ በንጥረ ነገሮች ገበታ ላይ መዳብ፥ ብር፥ ወርቅ ከላይ ወደ ታች በአንድ ዐምድ፥ በ11ኛው፥ ተከታትለው የቆሙ ወንድማማቾች ናቸው። ነገሥታቱ ገበታውን ሳያውቁ ወገኑን ለይተው መረጡት ማለት ነው።

ገበታውን ያቆሙት ሊቃውንት እነማን እንደ ሆኑ ደግሞ እንናገር። ደበራይነር የተባለ የጀርመን ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1829 ባሉት ዓመታት ንጥረ ነገሮችን ሦስት ሦስት አድርጎ ሲያስተያይ አንድ ነገር አገኘ። ሊቲየም 7፥ ሶዲየም 23፥ ፖታሲየም 39 ይመዝናሉ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምሮ ለሁለት ቢከፍለው መካከለኛው ልክ 23 ሆነ። ክሎሪን 35 ተኩል፥ አዮዲን 127 ናቸው፤ እነርሱንም ደምሮ ለሁለት ቢከፍል 81 ያህል ሆነ፤ በጠባይ የመካከላቸው የሆነው ብሮሚንም 80 ነው። ይህ ነገር ብዙ ሰዎችን አስደነቀ፤ ምስጢሩን ግን የፈታው አልነበረም።

በ1865 ኒውላንድስ የተባለ እንግሊዛዊ፥ ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው ቢደረድር በየስምንተኛው ቤት ተመሳሳይ ጠባይ እንደሚመለስ ተናገረ። የኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ቢሰሙ ባልገረማቸውም ነበር፤ ሰባት ቀን ዞሮ እሑድ ስምንተኛ ሆኖ እንዲመለስ፥ አበቅቴም በ19 ዓመት ዐውድ እንዲመለስ ያውቃሉና። በለንደን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ማኅበር ግን በ1866 ነገሩን ባቀረበ ጊዜ አንዱ፥ «ንጥረ ነገሮቹን በስማቸው ፊደል ተራ ደርድረህ አይተሃልን?» ብሎ ዘበተበት። ከ21 ዓመት በኋላ ግን ያው የእንግሊዝ አገር የንጉሥ ማኅበር ሜዳይ ሸለመው። እውነት አንዳንድ ጊዜ ከመዘባበቻ ወንበር ተነሥታ ወደ ክብር ወንበር ትሄዳለች።

ዐውዱን አስፍቶ ገበታውን ያጸናው በጴጥሮስ ከተማ የነበረው የመስኮብ ሊቅ ሜንዴሌየቭ ነው። በ1869 በዚያን ጊዜ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በክብደታቸው ደረደረ፤ ተመሳሳዮቹንም በአንድ ወገን አቆመ። የርሱ ታላቅነት ግን በደረደረው ሳይሆን ባዶ በተወው ነው። የወገኑ ልጅ ያልተገኘለትን ቤት በግድ አልሞላውም፤ ሌላ እስኪወለድለት ድረስ ባዶውን ጠበቀው፤ የሚመጣውም ክብደቱና ጠባዩ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ጻፈ። በ1875 በፈረንሳይ ጋሊየም በተገኘ ጊዜ ያገኘው ሊቅ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር 4.7 እጥፍ ይከብዳል አለ። ሜንዴሌየቭ ዕቃውን በዐይኑ ሳያይ፥ ገበታውን ብቻ አይቶ፥ 5.9 ሊሆን ይገባዋልና ደግመህ መዝን ብሎ ጻፈ። ያም አንጥሮ ደግሞ ቢመዝነው 5.9 ሆነ። ቀጥሎም ስካንዲየም በ1879፥ ጀርማኒየም በ1886 በተነገረላቸው ቤት ገቡ። ፊደሏ የተፋቀችበትን ገበታ የሚያነበው ሕፃን እንዲህ ያደርግ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል።

አንድ ቦታ ግን ክብደቱና ጠባዩ ተጣሉበት። ቴሉሪየም 128 ሲመዝን አዮዲን 127 ይመዝናል፤ በክብደት ቢሄድ አዮዲን ሊቀድምና ከወገኑ ሊለይ ሆነ። ሜንዴሌየቭ ግን ጠባዩን አስበልጦ አዮዲንን ከክሎሪንና ከብሮሚን በታች በወገኑ ቤት አቆመው። ትክክለኛ እንደ ሆነ የተረዳው በ1913 ነው፤ ሞዝሊ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት በራጅ ብርሃን መርምሮ፥ የንጥረ ነገር ተራ የሚቈጠረው በክብደቱ ሳይሆን በአቶሙ መካከል ባለው ፍሬ ውስጥ በሚገኘው የኤሌክትሪክ ኀይል ቍጥር መሆኑን አሳየ። በዚህ ቍጥር ቴሉሪየም 52ኛ፥ አዮዲን 53ኛ ነው። ሞዝሊም በ27 ዓመቱ፥ በነሐሴ ወር 1915፥ በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተ። አንድ ጥይት ስንት መጽሐፍ እንደምታቃጥል ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የንጥረ ነገር ሁሉ ጥቃቅን ክፍል አቶም ይባላል፤ በመካከሉ ካለው ፍሬ ዙሪያ ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ነገሮች በየደረጃው ይኖራሉ። የንጥረ ነገሩን ጠባይ አብልጦ የሚወስነው በውጭኛው ደረጃ የቆመው ኤሌክትሮን ነው። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ከተባሉ ከሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። ሶዲየም በውጭኛው ደረጃ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አለው፤ እርሷንም ለመስጠት ይቸኩላል፤ ስለዚህ ብቻውን ውሃ ቢነካው ይንጫጫል። ክሎሪን ደግሞ 7 ስላለው ስምንተኛውን ለመቀበል ይጓጓል፤ ብቻውን የሚያንቅ መርዘኛ ነፋስ ነው። ሰጪና ተቀባይ በተገናኙ ጊዜ ግን ሁለቱም ጸጥ ይላሉ፤ ከሁለት ክፉዎች ምግብ የሚያጣፍጥ ጨው ይወለዳል። ነገር ግን አንዱ ሰጥቶ ሌላው ተቀብሎ የተሳሰሩ ስለ ሆኑ፥ ውሃ በሁለቱም በኩል ስቦ ማሰሪያቸውን ይፈታዋል። አሞሌ ዝናም ሲነካው የሚቀልጠው ስለዚህ ነው። የአፋርን ሜዳ ከጨው ጋር ያኖረው ድርቀቱ ነው፤ የደጋው ክረምት ግን የነጋዴውን ሀብት በጭነቱ ላይ ያሟሟው ነበር።

መዳብ ብርና ወርቅም በውጭኛው ደረጃ አንድ አንድ ኤሌክትሮን አላቸው፤ ነገር ግን እንደ ሶዲየም በቀላሉ አይሰጡም፤ ከበታቿ 10 ኤሌክትሮን የሞላበት ደረጃ አለ፥ የመካከሉም ፍሬ አጥብቆ ይይዛታል። ስለዚህ ውሃ አያሟሟቸውም፥ እሳትም ያቀልጣቸዋል እንጂ እንደ እንጨት አመድ አያደርጋቸውም። ያችንም ኤሌክትሮን እርስ በርሳቸው እንደ ማኅበር ሀብት ስለሚካፈሏት፥ ቢቀጠቅጧቸው ይሰፋሉ እንጂ አይሰበሩም፤ የኤሌክትሪክንም ኀይል ከሌሎች ብረቶች ሁሉ ይልቅ አሻግረው ያደርሳሉ፤ ብር አንደኛ፥ መዳብ ሁለተኛ፥ ወርቅ ሦስተኛ ነው። ዛሬ በመርካቶ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ በውስጡ መዳብ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወንድማማች ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በዐምዱ ወደ ታች በወረድን ቍጥር ጠባይ በመጠን በመጠኑ ይለወጣል። መዳብ እርጥበት ሲያገኘው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ብር የድኝ ሽታ ባለበት ነፋስ ይጠቍራል፤ ወርቅ ግን ከመቃብር ሺህ ዓመት ኖሮ ቢወጣ መልኩ አይለወጥም። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ፥ የወርቅ ፍሬ 79 ስለ ሆነና ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ ስለሚስብ፥ አንዳንዶቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪቀርቡ ድረስ ይሮጣሉ፤ በዚህም ምክንያት ወደ ፍሬው ተጠግተው ይጸናሉ፥ ብጫ መልኩም ከዚሁ ይመጣል ይላሉ። በሶዲየም ወገን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወደ ታች በወረድህ ቍጥር ኤሌክትሮኗ ከፍሬው እየራቀች መስጠቱ ይቀላል፤ ፖታሲየም ከሶዲየም ይልቅ ቍጡ ነው። በክሎሪን ወገን ፍሎሪንና ክሎሪን ነፋስ፥ ብሮሚን ፈሳሽ፥ አዮዲን ደረቅ ናቸው፤ ወደ ታች ሲወርዱ መቸኰላቸው ይበርዳል።

በዚህ ስፍራ ስለ ባለ እጆቻችን አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። የብርና የወርቅ ሠሪ በመፈተኛ ድንጋይ ፍቆ ንጹሑን ከተቀላቀለው ይለያል፤ ብር በእሳት የሚቀልጥበትን፥ መዳብ የሚዘገይበትን ጊዜ ከፍሙ መልክ ያውቃል። የሜንዴሌየቭን ገበታ ሳያይ ወገኑን በእጁ ያነብ ነበር። እኛ ግን ቀጥቃጭ እያልን ሰደብነው፤ ቡዳ ነው ብለን ልጃችንን ከልጁ ለየን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ልማድ ግን ከአዋጅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። እኔ ደግሞ የቅኔ ልጅ ስለ ሆንሁ ከሌላው ይልቅ የማፍርበት ነገር አለኝ። የቅኔያችንን ከፍተኛ ምስጢር ሰምና ወርቅ ብለን የጠራነው ከወርቅ ሠሪው ቤት ወስደን ነው፤ እርሱ በሰም ቅርጽ አውጥቶ፥ በጭቃ ሸፍኖ፥ ሰሙን በእሳት አፍስሶ፥ በስፍራው ወርቅ ያፈስሳል። ስሙን ወሰድን፥ ባለ ቤቱን ግን በደጃችን አላስገባንም። ዕውቀቱ ሳይጻፍ ከባለ ዕውቀቱ ጋር የተቀበረው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ አገር የእጅ ባለ ሙያው ከሊቁ ጋር በአንድ ገበታ በተቀመጠ ጊዜ የኬሚስትሪ ትምህርት ተወለደ።

ከሁሉ ይልቅ ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን የክሎሪን ወገን ነገር ነው። ፈረንጆች ይህን ወገን ሀሎጅን ይሉታል፤ ከጽርእ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ጨው ወላጅ ማለት ነው። የዚህ ቤት ሦስት ልጆች በአገራችን በሦስት አውራጃ ታሪክ ሠርተዋል። ክሎሪን በአፋር ጨው ውስጥ ነው። ፍሎሪን በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ከልክ በላይ ስለሚገኝ የብዙ ሰው ጥርስ ይወይባል፥ አጥንትም ይጐዳል። አዮዲን ግን የበደለን በመብዛቱ ሳይሆን በመጥፋቱ ነው። የደጋው ዝናም ለብዙ ሺህ ዓመት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑን ወደ ባሕር አወረደው፤ እህሉና ሣሩ ባዶ ሆነ፤ የሰውም ጕሮሮ ዕጢ የሚፈልገውን ሲያጣ እያበጠ እንቅርት ሆነ።

ቅኔ በተማርሁበት በጎጃም ደጋ፥ ለተማሪ ቍራሽ ሳታጣ የምትሰጠን አንዲት ደግ እናት ነበረች። እንቅርቷን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነው ነበር። ድምፅዋ ታንቆ ይወጣ ነበር፤ የመጨረሻ ልጅዋም ሳይሰማና ሳይናገር አደገ። ሰዎች የሠራችው ኀጢአት ይኖር ይሆናል እያሉ ያሙአት ነበር፤ እኛም ተማሪዎች ቍራሽዋን እየበላን ሐሜቱን ሰምተን ዝም አልን። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በአፋችን የጸናው ሕመሙ በመካከላችን የተለመደ ስለ ነበረ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ የእናት አዮዲን ማጣት በማኅፀን ያለውን ልጅ አእምሮና መስማት እንደሚጐዳ ባነበብሁ ጊዜ፥ መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ያች ሴት ያጣችው ከጨው ወንድም ከአዮዲን እጅግ ጥቂቱን ነበር፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን የሚበቃው ከአንድ ግራም ሺህኛው እጅ እንኳ የማይሞላ ነው።

አዮዲንን በ1811 ያገኘው ኩርቷ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ለናፖሌዎን ጦር ባሩድ የሚሆን ነገር ከባሕር ሣር አመድ ሲያወጣ ሐምራዊ ጢስ ተነሣበት። በ1820 ኰይንዴ የተባለ የጄኔቭ ሐኪም ለእንቅርት መድኃኒት አደረገው። ኋላም ብዙ መንግሥታት፥ ሰው ሁሉ በየቀኑ ከሚበላው ከጨው ጋር እንዲቀላቀል አዘዙ። የኛም መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ወሰነ። የሚቀላቀለውም ፖታሲየም አዮዴት የሚባለው ነው። ወገኖቹን ልብ በሉ፤ ፖታሲየም የሶዲየም ወንድም ነው፥ አዮዲን የክሎሪን ወንድም ነው፤ ወንድማማቾቹ በወንድማማቾቻቸው መካከል እንግዳ ሳይሆኑ ይገባሉ። ለደጋው ሕዝብ መድኃኒት በጨው መንገድ መምጣቱ በዚህ ጭምር የተመቸ ሆነ።

እንግዲህ የጨውና የብር ታሪክ እንዲህ ተፈጸመ። ብር በአለመሟሟቱ ገንዘብ ሆኖ ኖረ፤ ነገር ግን ዋጋው ከወረቀት በለጠና ከገበያ ወጥቶ በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ። ጨው በመሟሟቱ ከገንዘብነት ወደቀ፤ ነገር ግን ስለሚሟሟና በሰው ሁሉ ገበታ ስለሚገባ፥ ገንዘብ ሊገዛው የማይችለውን የሕፃናትን አእምሮ የሚጠብቅ ሆነ። ጕድለቱ የነበረው ነገር ማዕርጉ ሆነለት።

ስለዚህ ካህናትም የከተማ ሰዎችም ይህን በየስፍራችን ብንናገር መልካም ነው። ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ገበያ ጨው ስንገዛ አዮዲን ያለበትን እንጠይቅ፤ በፀሐይና በእርጥበት ቦታ ክፍቱን አናኑረው፥ አዮዲኑ ይጠፋልና፤ ወጡ ሊወጣ ሲል እንጂ ገና ሲጣድ አንጨምረው። እንቅርት ያለባትን ሴት ባየን ጊዜም ኀጢአት አንፈልግባት። አባቶች «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብለው ተርተዋል። በነርሱ ዘመን የጨው ጣዕም መጣፈጡ ብቻ ነበር፤ በኛ ዘመን ግን ወንድሙን አዮዲንን ይዞ ካልመጣ፥ ጣፍጦም ቢሆን ሥራው ጐደሎ ነው።